አንድ ነፍስ በአንድ ገመድ አይታመንም፦ ሰውን ከገደል ላይ የማዳን ሥልጠና

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ገደል የኑሮ አካል ነው። ማሳው በአፋፍ ላይ ያበቃል፤ ከብቱ በገደል ዳር ይግጣል፤ ወደ ገበያ የሚወስደው የእግር መንገድም ብዙ ጊዜ በገደል ወገብ ይዞራል። «ሰው ገደል ገባ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ጥሎ፣ መጫኛና ገመድ ይዞ ይሮጣል። ይህ ሩጫ ከመልካም ልብ የሚመነጭ ነው። ነገር ግን ገደል የወደቀውን ሰው ብቻ ሳይሆን ሊያነሳው የወረደውንም ሊወስድ ይችላል። በአንድ ገመድ ታስሮ፣ በሰዎች ክንድ ብቻ ተይዞ የሚወርድ ሰው ሕይወቱን ለገመዱ፣ ለቋጠሮውና ለያዦቹ እጅ አሳልፎ ሰጥቷል። ከሦስቱ አንዱ ከከዳው ተጎጂው አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ይሆናል።

ተራራ መውጣት እንደ ስፖርት በተስፋፋባቸው አገሮች ይህን አደጋ ለመቀነስ ራሱን የቻለ የነፍስ አድን ሙያ ተፈጥሯል። ሙያው የሚመለከተው ቁልቁለቱ እጅግ ገደላማ የሆነበትን ሥፍራ ነው። በለዘበ ዳገት ላይ የአዳኙን ክብደት የሚሸከሙት እግሮቹ ናቸው፤ ገመዱ ይደግፈዋል እንጂ አይሸከመውም። ቁልቁለቱ ከ60 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የአዳኙም፣ የተጎጂውም፣ የቃሬዛውም ክብደት በሙሉ በገመዱ ላይ ያርፋል። ከዚህ በኋላ ትንሿ ስህተት እንኳ ማረሚያ ጊዜ አይኖራትም።

ብዙ ሰው እንዲህ ላለው ሥራ የሚያስፈልገው ድፍረት ብቻ ይመስለዋል። የሥልጠናው ዋና ትምህርት ግን ሌላ ነው፦ የሰው ሕይወት በአንድ ገመድ፣ በአንድ ቋጠሮ ወይም በአንድ ሰው ንቃት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ሥራን አስቀድሞ ማደራጀት። ይህ ትምህርት የተገኘው በብዙ ሕይወት ዋጋ ነው። ከእነዚህም መካከል በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ የደረሱ ሁለት አደጋዎች በሙያው ታሪክ ውስጥ ጎልተው ይታወሳሉ።

ያላለፈው ቋጠሮ

በስዊዘርላንድ የሚገኘው የአይገር ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 967 ሜትር ከፍታ አለው። በሰሜን በኩል ያለው ፊቱ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የድንጋይና የበረዶ ግድግዳ ነው። እ.ኤ.አ በሐምሌ 1936 አራት ወጣቶች ይህን ግድግዳ ለመውጣት ተነሡ። አንድሪያስ ሂንተርሽቶይሰርና ቶኒ ኩርትዝ ጀርመናውያን፣ ቪሊ አንገረርና ኤዲ ራይነር ደግሞ ኦስትሪያውያን ነበሩ።

በጉዞው ላይ ከላይ የሚወርድ ድንጋይ አንገረርን አቆሰለው፤ ቡድኑም ለመመለስ ተገደደ። ይሁን እንጂ ሲወጡ በገመድ ተስበው ወደ ጎን የተሻገሩበትን ለስላሳ ግድግዳ ገመዱን ነቅለውት አልፈው ነበር። ሲመለሱ ሥፍራው በበረዶ ተሸፍኖ ጠበቃቸው፤ መሻገርም አቃታቸው። የቀራቸው ምርጫ በቀጥታ ወደ ታች መውረድ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ሳሉ በደረሰ አደጋ ሦስቱ ሞቱ፤ ኩርትዝ ብቻ በገመድ ተንጠልጥሎ በሕይወት ቀረ።

በተራራው ውስጥ የሚያልፍ የባቡር ዋሻ አለ። አስጎብኚዎች በዋሻው መስኮት በኩል ወጥተው ወደ ኩርትዝ ተጠጉ፤ ነገር ግን ጨለመባቸውና ሌሊቱን ብቻውን አደረ። በማግስቱ ከሥሩ ቢደርሱም በመካከላቸው ያለው ድንጋይ ወደ ውጭ ያዘነበለ ስለነበር ወደ እርሱ መውጣት አልቻሉም። ኩርትዝ በብርድ በደነዘዘ እጁ የገመዱን ክሮች ፈትቶ ቀጠላቸውና ወደ ታች ለቀቀ፤ እነርሱም በዚያ ላይ ገመድ አሰሩለት። አንዱ ገመድ አልደረሰም፤ ስለዚህ ሁለት ገመዶችን ቀጠሉ። ኩርትዝ በዚያ ገመድ መውረድ ጀመረ። የሁለቱ ገመዶች መጋጠሚያ ቋጠሮ ግን ከታጠቀው የብረት ቀለበት ዘንድ ሲደርስ አላልፍ አለ። ወጣቱ ከአዳኞቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቋጠሮውን ለማሳለፍ እየታገለ አቅሙ አለቀና ሞተ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በገመድ ሥራ ረጅም ጊዜ አልፏል። ዛሬ ማንኛውም የገደል ላይ ነፍስ አድን ሠልጣኝ ከሚፈተንባቸው ሥራዎች አንዱ «ቋጠሮ ማሳለፍ» ይባላል። ሠልጣኙ ሁለት ገመዶች በተቀጠሉበት መሥመር ላይ ይወርዳል፤ ቋጠሮው ዘንድ ሲደርስ ክብደቱን በሌላ አጭር ገመድ ላይ ያሳርፋል፤ የመውረጃ መሣሪያውን ከቋጠሮው በላይ ፈትቶ ከበታቹ ያስገባል፤ ከዚያም ክብደቱን መልሶ በዋናው ገመድ ላይ አድርጎ ጉዞውን ይቀጥላል። ሥራው ከመሬት ጥቂት ሜትር ከፍ ባለ ሥፍራ ላይ ተደጋግሞ ይለመዳል፤ ምክንያቱም በረዶ ላይ፣ በጨለማና በድካም ውስጥ ሆኖ መማር እንደማይቻል ታውቋል።

ከጫፍ የወረደው አዳኝ

ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በነሐሴ 1957 በዚያው ግድግዳ ላይ አራት ሰዎች ተቸገሩ። ጣሊያናውያኑ ክላውዲዮ ኮርቲና ስቴፋኖ ሎንጊ፣ ጀርመናውያኑ ጉንተር ኖትዱርፍትና ፍራንዝ ማየር በመንገድ ላይ ተገናኝተው አብረው እየወጡ ነበር። ሎንጊ ወድቆ በአንዲት ጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ ቀረ። ቆየት ብሎም ኮርቲ በድንጋይ ተመትቶ ቆሰለ። ሁለቱ ጀርመናውያን ድንኳናቸውን ለኮርቲ ትተው እርዳታ ለማምጣት ወደ ጫፍ ቀጠሉ።

በቴሌስኮፕ ግድግዳውን ይከታተሉ የነበሩ ሰዎች ችግሩን ስላዩ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ተራራ ወጪዎች ተሰበሰቡ። ከእነርሱ መካከል የሙኒኩ ነፍስ አድን ባለሙያ ሉድቪግ ግራሚንገር ይገኝበታል። ግራሚንገር ሰውን በቀጭን የብረት ገመድ ከገደል የሚያወርድና የሚያነሳ መሣሪያ ለዓመታት ሲያሻሽልና ሲለማመድ የኖረ ሰው ነበር። አዳኞቹ በዚህ ጊዜ ከታች ወደ ላይ አልሞከሩም፤ በሌላው በኩል ዞረው ጫፉ ላይ ወጡ፤ መሣሪያውንም በዚያ ተከሉ። አልፍሬድ ሄሌፓርት የተባለው አዳኝ በዚያ የብረት ገመድ ከ300 ሜትር በላይ ወደ ግድግዳው ወርዶ ኮርቲን አገኘው፤ በጀርባው አዝሎትም ወደ ጫፍ ተሳበ። ከአይገር ሰሜናዊ ግድግዳ ላይ ሰው በሕይወት ሲድን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሎንጊን ለማውጣትም ሙከራ ተደርጎ ነበር። ሆኖም የሬዲዮ ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ የአየሩም ሁኔታ ከፋ። ሎንጊ በእርከኑ ላይ ሞተ፤ አስከሬኑም የወረደው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እርዳታ ፍለጋ የሄዱት ሁለቱ ጀርመናውያንም ወደ ጫፍ ቢደርሱም በመውረጃው መንገድ ላይ ሞተው ነበር፤ የተገኙትም እ.ኤ.አ በ1961 ነው።

ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ስናያቸው የ1936ቱ አዳኞች ድፍረት እንዳልጎደላቸው ግልጽ ነው፤ ራሳቸውን ለአደጋ አጋልጠው ወጥተዋል። የጎደላቸው አስቀድሞ የተለመደ ዘዴና ለሥራው የሚመጥን መሣሪያ ነበር። በ1957 ዘዴውም መሣሪያውም ተገኘ፤ አንድ ሰውም ዳነ። ይሁን እንጂ ሬዲዮው ሲዘጋ የሚተካው የመገናኛ መንገድ ስላልነበረ ሌላው ሰው ቀረ። ዛሬ የሚሰጠው ሥልጠና ከሁለቱም ታሪኮች የተቀዳ ነው።

ዋና ገመድና መጠባበቂያ ገመድ

የሥልጠናው የመጀመሪያ ሕግ ሁለት ገመድ ነው። ዋናው ገመድ ክብደቱን ይሸከማል፤ ሁለተኛው የመጠባበቂያ ገመድ ይባላል። ሁለቱ የሚታሰሩት በተለያየ ሥፍራ ነው፤ የሚይዟቸውም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ቢበጠስ፣ ድንጋይ ቢቆርጠው ወይም ያዡ ቢደነግጥ ሌላው ተጎጂውን ይይዘዋል።

ገመዱ ራሱ ከተራ ገመድ ይለያል። በ1936 ተራራ ወጪዎች የሚጠቀሙበት ገመድ ከተክል ጭረት የተሠራ ነበር፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ እንጨት ይደርቃል። የዛሬው የነፍስ አድን ገመድ ከናይለን የሚሠራ ሲሆን ሁለት ክፍሎች አሉት። ውስጡ ክብደቱን የሚሸከም የክሮች ስብስብ ነው፤ ውጩ ደግሞ ውስጡን ከመፋቅ የሚጠብቅ የተሸመነ ሽፋን ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ዓይነት በአውሮፓ መስፈርት መሠረት ከ2 ሺህ 200 ኪሎ ግራም የማያንስ ክብደት መሸከም ይኖርበታል። የሁለት ሰዎችና የቃሬዛ ክብደት ከ200 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። ይህን ያህል ትርፍ አቅም የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቋጠሮ ራሱ የገመድን አቅም ይቀንሳል፤ ድንገተኛ ንጥቀትም ክብደቱን ብዙ እጥፍ ያደርገዋል።

ለስፖርት የሚወጡ ሰዎች የሚታጠቁት ገመድ ደግሞ የሚለጠጥ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ተለጥጦ ንጥቀቱን ያበርድለታል። ለነፍስ አድን ሥራ ግን ብዙ መለጠጥ አይፈለግም፤ ቃሬዛው ላይና ታች እየዘለለ ከድንጋይ ጋር እንዲጋጭ ያደርጋልና። ስለዚህ ሠልጣኙ ገመዶችን በስማቸውና በጠባያቸው ለይቶ ያውቃል፤ አንዱን በሌላው አይተካም።

ገመዱ የታሰረበት ሥፍራ

ጠንካራ ገመድ በደካማ ጉቶ ላይ ከታሰረ ዋጋ የለውም። በመሆኑም ሠልጣኞች ረጅም ሰዓት የሚያጠፉት ማሰሪያ ሥፍራ በመምረጥ ነው። ሥሩ የጠለቀ ጤነኛ ዛፍ፣ ከመሬት ጋር አንድ የሆነ ትልቅ ቋጥኝ፣ ወይም በድንጋይ ስንጥቅ የሚገባ የብረት መያዣ ሊመረጥ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ክብደቱ በሁለትና በሦስት ማሰሪያዎች ላይ ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስት ነገር አለ። ሁለት ሰዎች አንድ ባልዲ ውኃ ይዘው ተቀራርበው ሲሄዱ ክብደቱን እኩል ይካፈሉታል። እየተራራቁ፣ እጃቸውም ወደ ጎን እየተዘረጋ ሲሄድ ግን ባልዲው ሳይጨምር ሸክሙ ለሁለቱም ይከብዳቸዋል። የገመድ ማሰሪያም እንዲሁ ነው። 200 ኪሎ ግራም በሁለት ጎን ለጎን በወረዱ ገመዶች ሲያዝ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ግራም ይሸከማል። በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን የእያንዳንዱ ድርሻ 115 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በ120 ዲግሪ እያንዳንዱ ሙሉውን 200 ኪሎ ግራም ይሸከማል። በ150 ዲግሪ ደግሞ ድርሻው ከ380 ኪሎ ግራም ያልፋል። ስለዚህ ማሰሪያዎችን እጅግ አራርቆ ማሰር ክብደትን ያካፈለ መስሎ ያባዛዋል።

ሌላው ጠላት የአፋፉ ስለት ነው። በክብደት የተወጠረ ገመድ በሹል ድንጋይ ላይ ወደ ጎን ሲንሸራተት በቀላሉ ይቆረጣል። በዚህ ምክንያት ገመዱ አፋፉን በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ወፍራም ሸራ፣ የተሰነጠቀ የውኃ ጎማ ወይም ለዚሁ የተሠራ መከለያ ይነጠፋል። ቃሬዛው አፋፉን የሚሻገርበት ቅጽበትም ከሥራው ሁሉ አደገኛው ተደርጎ ይቆጠራል፤ በልምምድ ላይ ለብቻው ተነጥሎ ይደጋገማል።

በጥቂት ክንድ ብዙ ማንሳት

ከተቻለ አዳኞች ተጎጂውን ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ወደ ታች ማውረድን ይመርጣሉ፤ የመሬት ስበት ያግዛልና። ከታች መንገድ ከሌለ ግን ማንሳት ግድ ይሆናል። 200 ኪሎ ግራም በክንድ መሳብ አድካሚ ነው፤ የደከመ እጅም ይለቃል። ስለዚህ ሠልጣኞች ገመዱን በመዘውሮች እያዞሩ ኃይልን የሚያበዛ አሠራር ይማራሉ።

በጣም የተለመደው ሦስት ለአንድ የሚባለው ነው። ገመዱ በመዘውሮች ዞሮ ሲመለስ ሸክሙ በሦስት የገመድ ክንዶች ላይ ያርፋል። በመሆኑም 200 ኪሎ ግራም ለማንሳት በስሌት ደረጃ 67 ኪሎ ግራም ያህል ጉልበት ይበቃል፤ በተግባር ግን ሰበቃ ስላለ ከዚህ የበለጠ ይፈለጋል። ዋጋው የሚከፈለው በርቀት ነው፤ ተጎጂው 1 ሜትር ከፍ እንዲል 3 ሜትር ገመድ መሳብ ያስፈልጋል። ሳቢዎቹ ባረፉ ቁጥር ሸክሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ መቆለፊያም በገመዱ ላይ ይደረጋል።

ሁለቱ ጥያቄዎች

ሁሉም ነገር ከተዘጋጀ በኋላ፣ ማንም ሰው ከአፋፉ ከመውረዱ በፊት ቡድኑ ራሱን ሁለት ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው፦ «ከዚህ ሁሉ አንዱ ዕቃ አሁን ቢሰበር ሰው ይወድቃል?» የሚል ነው። መልሱ «አዎ» የሆነበት አንድ ቀለበት፣ አንድ ቋጠሮ ወይም አንድ ማሰሪያ ከተገኘ ሥራው አይጀመርም። ሁለተኛው የፊሽካ ፈተና ይባላል፦ «አሁን ፊሽካ ቢነፋና ሁላችንም በአንድ ጊዜ እጃችንን ብንለቅ ተጎጂው ባለበት ይቆማል?» ድንጋይ ሲናድ ወይም ንብ ሲነሣ ሰው እጁን መልቀቁ አይቀርም። አሠራሩ የሰው እጅ እንደሚለቅ አስቀድሞ አውቆ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ምርመራውን የሚያደርገው ያሰረው ሰው ብቻ አይደለም። አንዱ ያሰረውን ሌላው በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይዳስሳል። የቡድን መሪ ያሰረውንም አዲስ ሠልጣኝ ይፈትሻል። ይህ እንደ ድፍረት አይቆጠርም፤ ግዴታ ነው። የትእዛዝ ቃላትም ጥቂትና አጭር ናቸው። ማውረድና ማንሳትን የሚያዝዘው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን «ቁም!» የማለት መብት ግን የሁሉም ነው። ይህን ቃል የሰማ ሁሉ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይቆማል።

ድምፅ በማይሰማበት ሥፍራ ብዙ ቡድኖች በፊሽካ ይነጋገራሉ፦ አንድ ጊዜ ሲነፋ ቁም፣ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ታች፣ አራት ጊዜ ከገመዱ ወጥቻለሁ፣ ሳይቋረጥ ሲነፋ ችግር አለ ማለት ነው። ሬዲዮ ቢኖርም ይህ ይለመዳል፤ በ1957 የደረሰው ነገር ሬዲዮ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷልና።

ተጎጂው ሰው

ገመዱ የቱንም ያህል ቢያምር ዓላማው ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ተጎጂው የሚወርደው አዳኝ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ የሠለጠነ መሆን ይኖርበታል። እንደደረሰ ተጎጂው ዳግም እንዳይወድቅ ያስረዋል፤ የራስ ቁር ያደርግለታል፤ ከዚያም ትንፋሹን፣ የሚደማ ቁስሉንና የሰውነቱን ሙቀት ያያል። ከፍታ ላይ የወደቀ ሰው በቁስሉ ብቻ ሳይሆን በብርድም ይሞታል። የአንገትና የጀርባ አጥንት ጉዳት ሊኖር ስለሚችል ሰውነቱ ሳይጠማዘዝ በቃሬዛ ላይ ይደረጋል። በጉዞው ሁሉ አንድ አዳኝ ከቃሬዛው ጎን ታስሮ አብሮ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ቃሬዛውን ከድንጋይ ያርቃል፤ ተጎጂውንም እያናገረ ያጽናናዋል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ራሱን ስቶ በገመድ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ነው። በሰው እግር ውስጥ ያለው ደም ወደ ልብ እንዲመለስ የእግር ጡንቻ እንቅስቃሴ ያግዘዋል። ሳይንቀሳቀስ ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ በእግሩ ይጠራቀማል፤ ሌላ ቁስል ባይኖረውም በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ቡድኖች ከምንም ነገር በፊት የተንጠለጠለን ሰው በፍጥነት ማውረድን ይለማመዳሉ። ከወረደ በኋላም እንዲጋደም ይደረጋል። ነፍሱን የሚያውቅ ከሆነ እስኪወርድ ድረስ እግሩን ያለማቋረጥ እንዲያንቀሳቅስ ይነገረዋል።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጣል?

ሥልጠናው የሚጀምረው በሜዳ ላይ ነው። ሠልጣኙ ጥቂት ቋጠሮዎችን ብቻ ይማራል፤ እነዚያን ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጓንት፣ በረጠበ ገመድ እስኪያስር ድረስ ይደጋግማቸዋል። ብዙ ቋጠሮ በግማሽ ከማወቅ ጥቂቱን በሙሉ ማወቅ ይሻላል። ቀጥሎ በለዘበ ዳገት ላይ ቃሬዛ መያዝ፣ ከዚያ በአጭር ግድግዳ ላይ መውረድና መውጣት ይመጣል። በእውነተኛ ገደል ላይ የሚወርደው የመጀመሪያ «ተጎጂ» አሸዋ የተሞላ ከረጢት ወይም አሻንጉሊት ነው፤ ሰው የሚወርደው አሠራሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሁሉንም ቦታ ይይዛል፤ አንድ ቀን ገመድ ያዥ፣ ሌላ ቀን የቃሬዛ አጃቢ፣ ሌላ ቀን ራሱ ተጎጂ ሆኖ ይታሰራል። በቃሬዛ ታስሮ አፋፍ የተሻገረ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላውን ሲያስር እጁ ይጠነቀቃል። ልምምዱ በሌሊትና በዝናብም ይደረጋል። እያንዳንዱ ገመድ መዝገብ አለው፤ መቼ እንደተገዛ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራ፣ ከባድ ንጥቀት ደርሶበት እንደሆነ ይጻፋል። የተጠረጠረ ገመድ ጤነኛ ቢመስልም ይቆረጥና ከሥራ ይወጣል። ልምምዱ ካልተደጋገመ እጅ ይረሳል፤ ስለዚህ ቡድኖች የምስክር ወረቀት ካገኙ በኋላም በየጊዜው ይሰበሰባሉ።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

የሁለት ገመድ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በትግራይ ወደሚገኘው፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ ወደሚነገርለት ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ግድግዳ ይጠብቀዋል። ወጪው የተገመደውን ጠፍር በእጁ ይዞ በእግሩ ግድግዳውን እየረገጠ ይወጣል። ከዚህ ሌላ በወገቡ ሁለተኛ ገመድ ይታሰርለታል፤ ይህንንም ከላይ ያሉ አባቶች ይይዙታል። እጁ ቢከዳው የሚይዘው አለ ማለት ነው። የዛሬው ሥልጠና ዋናና መጠባበቂያ የሚለው ይህንኑ አሳብ ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ 4 ሺህ 533 ሜትር ከፍታ ያለው ራስ ዳሽን የሚገኝበት የሰሜን ተራሮች አካባቢ እ.ኤ.አ ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእነዚያ አፋፎች ላይ ጎብኚ፣ አስጎብኚ፣ ጥበቃና እረኛ በየቀኑ ይመላለሳሉ። ከገደል የማዳን ዕውቀት ለእንደዚህ ያለ ሥፍራ ከመንገድና ከማደሪያ የማይተናነስ አገልግሎት ነው። ተፈላጊው ነገርም ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ የሚደጋገም ልምምድና የተከፋፈለ ኃላፊነት ነው። ታማሚን በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ሲደክመው እየተቀያየረ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ማኅበረሰብ የዚህ ሥራ መሠረት በእጁ አለ።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ግን ማንንም አዳኝ አያደርግም። በተራ ገመድ ወደ ገደል መውረድ ተጎጂ ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም። የሠለጠነ ሰው እስኪደርስ ማንኛውም ሰው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛ፣ ሰዎችንና ከብቶችን ከአፋፉ ማራቅ ይገባል። ከላይ የሚረግጡ እግሮች ድንጋይ ይለቃሉ፤ አይገር ላይ አንገረርንም ኮርቲንም ያቆሰለው የወረደ ድንጋይ ነው።

ሁለተኛ፣ ተጎጂው ከታየ ሳይወርዱ ማናገር ያስፈልጋል። እንዳይንቀሳቀስ፣ በአቅራቢያው ያለውን ነገር እንዲይዝና እርዳታ እየመጣ መሆኑን እንዲያውቅ መንገር ብዙ ይረዳዋል።

ሦስተኛ፣ ለፖሊስ፣ ለጤና ጣቢያና ለቀበሌ አስተዳደር ቶሎ ማሳወቅ ነው። መልእክቱ ትክክለኛውን ሥፍራ፣ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት፣ የተጎጂዎችን ቁጥርና የሚታየውን ጉዳት ይያዝ። መልእክተኞች ሁለት ሆነው በሚታወቅ መንገድ ቢሄዱ ይመረጣል፤ መድረሳቸው ካልተረጋገጠም ሌላ ይላክ። በ1957 እርዳታ ፍለጋ የሄዱት ሁለት ሰዎች እንዳልደረሱ አይተናል።

አራተኛ፣ ገመድ ወርውሮ «ወገብህ ላይ እሰረው፤ እንጎትትሃለን» ማለት መቅረት አለበት። በወገብና በደረት ላይ ብቻ የታሰረ ገመድ ሰውየው ሲንጠለጠል ትንፋሹን ያፍነዋል። የደብረ ዳሞው የወገብ ገመድ የሚያገለግለው ሰውየው በእጁና በእግሩ ስለሚወጣ ነው፤ ተጎድቶ ለሚንጠለጠል ሰው የተዘጋጀ አይደለም።

አምስተኛ፣ ተጎጂው በእግር በሰላም ሊደረስበት በሚችል ሥፍራ ካለ የሚደማውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መሸፈን፣ ከሥሩም የሚያሞቅ ነገር ማንጠፍ፣ አንገቱንና ጀርባውን አለማጣመም፣ ምግብና መጠጥ አለመስጠት ነው።

በተራራ ላይ ብቻውን የተቸገረ ሰውም የሚያሰማው ዓለም አቀፍ ምልክት አለ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ይጮኻል፣ ፊሽካ ይነፋል ወይም መብራት ያበራል፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ አርፎ ይደግመዋል። የሰማው ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልስለታል። ይህን ምልክት ለእረኛ ልጆች ማስተማር ምንም ወጪ የለውም።

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ ከገደል ላይ የፈሰሰ ሕይወት ግን አይለቀምም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ደግሞ የነፍስ አድን ቡድን የሚሠራውን ሥራ በትክክል ይገልጻል፦ ሁለት ገመድ፣ ብዙ ዓይን፣ የተስማማ ቃል። ከተማም ሆነ ገጠር ገደል ያለበት ወረዳ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ጩኸት ቢሰማ ማን ገመዱን ያስራል? ያሰረውንስ ማን ይፈትሻል? መልሱ ከጩኸቱ በፊት መታወቅ አለበት።